ካሜራ ይዞ ወደ ካፋ አገር ስለ መጓዝ

መንገደኛ ከሄደበት አገር ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ ይመለሳል። አንደኛው በእጁ የሚይዘው ስጦታ ነው፤ ሁለተኛው በዓይኑ አይቶ በልቡ ያኖረው ነው። ስጦታው ይበላል፥ ይለበሳል፥ ያልቃል። በልብ የተቀመጠውም ዕድሜ ሲገፋ እየደበዘዘ ይሄዳል። ፎቶግራፍ የሚባለው ጥበብ ለሰው ልጅ ትልቅ ጥቅም የሰጠው በዚህ በኩል ነው፤ ዓይን ያየውን በወረቀት ላይ አስቀርቶ ላላየውና ገና ለሚወለደው ያሳያልና። ነገር ግን ሥዕሉን የሚያነሣው መሣሪያ እንደ ሕፃን ልጅ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ይህንን የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን በራሳችን ቸልተኝነት ከደረሰብን ጉዳት ነው። ስለዚህ ሌላው ወገናችን ከስሕተታችን ተምሮ እንዲጠነቀቅ፥ ወደ ቦንጋ ከተማ ያደረግናቸውን ሁለት ጉዞዎች በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ልንጽፍ አሰብን።

የቤታችን እመቤት በእናቷ ወገን የካፋ ተወላጅ ናት። አክስቷ ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር በእንሰትና በቡና ተክል መካከል ከባለቤታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት በነሐሴ ወር ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ ሁለቱን አዛውንት በደጃፋቸው ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጐን ለጐን አስቀምጠን ፎቶግራፍ አነሣናቸው። አክስታችን አዲስ ነጠላ ለብሰው፥ ባለቤታቸውም ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፥ ሳይስቁ ነገር ግን ደስ ብሏቸው ተቀመጡ። ከተጋቡ ጀምሮ ብዙ ዘመን አብረው ሲኖሩ በአንድነት የተነሡት ፎቶግራፍ አልነበራቸውም። እኛም፦ «አዲስ አበባ እንደ ደረስን አሳጥበን እንልክላችኋለን» ብለን ቃል ገባን።

በማግስቱ የባርታን ፏፏቴ ለማየት በበቅሎ ተነሣን። ካሜራችን በጥሩ ቆዳ በተሰፋ ማኅደር ውስጥ ነበር። በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን የብራና መጻሕፍት በቆዳ ማኅደር ሆነው በግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ አይተን ስላደግን፥ ከቆዳ የሚበልጥ ጠባቂ ያለ አይመስለንም ነበር። በወንዝ መሻገሪያ ላይ ግን በቅሎዪቱ አዳልጧት ተንበረከከች፤ ማኅደሩም ውኃ ውስጥ ገባ። ፈጥነን አወጣነው፤ ላዩንም በነጠላ ጠረግነው፤ ነገር ግን «ቆዳው ወፍራም ነውና ውስጡ አልረጠበም» ብለን ሳንከፍተው ሁለት ቀን ሰነበትን። ስንመለስም ከልብሳችን ጋር በትልቁ ሻንጣ ከትተን ለአይሮፕላኑ የጭነት ክፍል ሰጠነው። ቤት ደርሰን ብንከፍተው ብረቱ ዝጓል፤ ሥዕሎቹ የተቀመጡባትም ሜሞሪ ካርድ አልነበብ አለች። ወደ ባለሙያ ብንወስዳትም አልተቻለም። ከጥቂት ሳምንት በኋላም በሌንሱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ወጣ።

በሚቀጥለው ዓመት በፍልሰታ ጾም የአክስታችን ባለቤት ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ካሜራው በገንዘብ የሚተካ ነበርና ተተካ። የዚያ ቀን ሥዕል ግን በምንም አልተተካም። ከሁሉም የከበደን፥ አክስታችን በሰው በሰው «ያ ፎቶግራፍ የት ደረሰ?» እያሉ ሲያስጠይቁን ደፍረን መልስ መስጠት አለመቻላችን ነው።

በዳኝነት ሥራ ላይ ጸሐፊ የሆነ ሰው፥ ውሳኔ ሲገለበጥ ዋናውና ግልባጩ በአንድ ሣጥን እንዳይቀመጡ መጠንቀቅ የየዕለት ልማዱ ነው። ቤት ቢቃጠል ወይም ጣራ ቢያፈስ አንዱ ሲጠፋ ሁለተኛው እንዲቀርና የሰው መብት እንዳይሞት ነው። እኛም ይህን ሥርዓት በሰው መዝገብ ላይ ብዙ ዓመት ስንጠብቅ ኖረን፥ በገዛ ቤታችን ነገር ላይ ግን ዋናውንና ብቸኛውን ሥዕል በአንዲት ካርድ፥ ካርዲቱን በካሜራው፥ ካሜራውን በእርጥብ ማኅደር ውስጥ አኑረን መሄዳችን እጅግ አሳፈረን። ስለዚህ ባለፈው ጥር አክስታችንን ፊት ለፊት ልንነግራቸውና ሁለተኛ ፎቶግራፍ ልናነሣቸው ስንነሣ፥ መንገዱን እንደ አዲስ አጥንተን ተዘጋጀን።

በመጀመሪያ ስለ አይሮፕላኑ እንናገር። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው አይሮፕላን ያረፈው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ የመጀመሪያውን በረራ በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በእነዚያ በመጀመሪያዎቹ ዳኮታ አይሮፕላኖች ውስጥ መንገደኛው በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጥና ጭነቱ በመካከል ይታሰር ነበር። ምቾቱ ጥቂት ቢሆንም ሰው ዕቃውን ከዓይኑ ሳያርቅ ይጓዝ ነበር። ዛሬ መቀመጫው ምቹ ሆኗል፤ ነገር ግን ትልቁ ሻንጣ ከባለቤቱ ተለይቶ በማንከባለያ ላይ ይሄዳል፤ ከሌላው ሻንጣ በታችም ይደረደራል፤ በዝናብ ቀንም በሜዳ ላይ ጥቂት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ካሜራና ሌንስ ከመንገደኛው እጅ መለየት የለባቸውም።

በእጅ የሚያዘው ዕቃ ግን ልክ አለው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ተራ ማዕርግ ወደ ውስጥ የሚገባው አንድ ቦርሳ ሆኖ ክብደቱ 7 ኪሎ ነው። አንድ ካሜራ፥ ሁለት ሌንስ፥ ባትሪና ትንሽ ኮምፒዩተር ሲደመሩ 7 ኪሎ ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ እኛ በቤታችን ሚዛን መዝነን ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያና የባትሪ መሙያውን በልብስ ጠቅልለን በትልቁ ሻንጣ አደረግን፤ እነዚህ ቢሰበሩም ይተካሉና። ወደ አገር ውስጥ ከተሞች ብዙ ጊዜ የሚበሩት ኪው 400 የሚባሉት ባለ ሁለት ፕሮፔለር አይሮፕላኖች ከራስ በላይ ያለው የዕቃ ማስቀመጫቸው ጠባብ ነው። ጠንካራ ሣጥን የያዘ ሰው በአይሮፕላኑ ደጃፍ «ይህ ከታች ይግባ» ሊባል ይችላል። ለስላሳና ከመቀመጫ ሥር የሚገባ ቦርሳ የያዘ ግን አይቸገርም። ቦርሳው ከታች መግባቱ ግድ ቢሆን እንኳ ካሜራውን፥ ካርዶቹንና ባትሪዎቹን ፈጥኖ ማውጣት እንዲቻል፥ እነዚህን በአንዲት ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ለብቻ አድርጎ በላይ ማኖር ይገባል።

ስለ ባትሪ የሚነገረው ጥንቃቄ ደግሞ የሰው ነፍስ ያለበት ነው። የዛሬ ካሜራ ባትሪ ሊቲየም ከሚባል ነገር የተሠራ ስለ ሆነ፥ ሁለቱ ጫፎቹ በቁልፍ ወይም በሳንቲም ቢገናኙ ይግላል፥ ሊቃጠልም ይችላል። እሳቱ በጭነት ክፍል ቢነሣ የሚያጠፋው ሰው በአጠገቡ የለም፤ በመንገደኞች መካከል ቢነሣ ግን አስተናጋጆቹ ሊያጠፉት ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ትርፍ ባትሪም ሆነ ስልክ መሙያ ባትሪ በትልቁ ሻንጣ እንዳይገባ በዓለም ሁሉ አየር መንገዶች ተከልክሏል። የባትሪው ኃይል እስከ 100 ዋት ሰዓት ከሆነ በእጅ ይያዛል፤ ከ100 እስከ 160 የሆነው ግን የአየር መንገዱን ፈቃድ ይሻል፥ ቁጥሩም ከሁለት አይበልጥም። ልኩን ለማወቅ በባትሪው ላይ የተጻፈውን ቮልት በአምፔር ሰዓት ማባዛት ነው፤ ለምሳሌ 7.2 ቮልትና 2 አምፔር ሰዓት የሆነ 14.4 ዋት ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ተራ የካሜራ ባትሪ ከልኩ እጅግ ያንሳል። እኛ የእያንዳንዱን ጫፍ በፕላስተር ሸፍነን በየብቻው በትንሽ ከረጢት አኖርናቸው።

በቦሌ ወደ ሕንፃው ሲገባና እንደገና ወደ አይሮፕላኑ ከመሄድ በፊት ዕቃ በኤክስሬይ ይፈተሻል። ለካሜራውና ለሜሞሪ ካርዱ ይህ ጨረር ጉዳት የለውም። በቀድሞው ፊልም የሚያነሡ ግን ይጠንቀቁ፤ ለትልቁ ሻንጣ የሚሠራበት ጨረር ፊልሙን ያበላሻል፤ አዲሱ ሲቲ የሚባለው የእጅ ዕቃ መፈተሻም እንዲሁ ይጐዳል። ፊልሙን ከሣጥኑ አውጥቶ ጥርት ባለ ከረጢት አድርጎ «በእጅ ፈትሹልኝ» ብሎ በትሕትና መለመን ይሻላል። ፈታሾች ሥራቸው የሁላችንን ሕይወት መጠበቅ ነውና፥ መንገደኛው ቦርሳውን ለመክፈት የተዘጋጀና ፊቱ የተፈታ ከሆነ ነገሩ በቶሎ ያልፋል። ድሮን የሚባለውን በራሪ ካሜራ ግን ያለ መንግሥት ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም ስለማይቻል፥ እርሱን ከቤት መተው ነው።

በጧት ተነሥተን ወደ ጅማ በረርን። ጉዞው ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለ ሆነ ፀሐይ በግራ በኩል ትወጣለች፤ በቀኝ መስኮት የተቀመጠ ሰው ግን ብርሃኑ ከጀርባው ሆኖ ምድሩን ጥርት አድርጎ ያያል። ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለ ሆነም ዓይን አይጋርድም። ሌንሱን ወደ መስተዋቱ አቅርበን፥ ነገር ግን ሳናስነካ፥ የጊቤን ሸለቆ አነሣን፤ መስተዋቱን ያስነካ እንደ ሆነ የሞተሩ መንቀጥቀጥ ሥዕሉን ያደበዝዛልና። አንድ ሰዓት ያህል እንኳ ሳይሞላ ጅማ ደረስን።

ከጅማ እስከ ቦንጋ ያለው መንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ሸቤን አልፎ ወደ ጎጀብ ወንዝ ቆላ ይወርዳል፤ ከዚያም በጊምቦ በኩል ወደ ደጋው ደን ይወጣል። በመኪናው ጣራ ላይ ጭነት ሲታሰር አይተን የካሜራውን ቦርሳ በጭናችን ላይ አደረግን። የመኪና መናጥ ብሎን ያላላል፤ አቧራም በማይታይ ቀዳዳ ይገባል፤ የሰው ጭን ግን ሁለቱንም ያበርዳል። ቆላው ላይ ሙቀቱ ሲጨምር ቦርሳውን በነጠላ ከፀሐይ ጋረድነው። ስለ ድልድይ፥ ስለ ወታደር ሠፈርና ስለ መፈተሻ ኬላ ፎቶግራፍ ማንሣትን ግን ማንም እንዳይሞክር እንመክራለን፤ ለአንዲት ሥዕል ብሎ ሙሉ ቀን በጥያቄ ማሳለፍ የብልህ ሥራ አይደለም።

ቦንጋ በኮረብታዎች ላይ የተቀመጠች፥ ደን የከበባት ከተማ ናት። ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ከዋና ከተሞቹ አንዷ ሆናለች። ቀድሞ የካፋ ነገሥታት አገር ነበረ። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቻ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተማርከው አገሩ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ገባ። ዘውዳቸውም ከአገር ወጥቶ በስዊስ ብዙ ዘመን ከኖረ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ተመለሰ። ፍሪድሪሽ ቢበር የሚባል የኦስትሪያ ሰውም በ1897 ዓ.ም. በበቅሎ ወደ ካፋ መጥቶ የሕዝቡን ልማድ መረመረ፤ ፎቶግራፍ አነሣ፤ በሁለት ክፍልም ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። የሰበሰባቸው ዕቃዎች በቪየና ቤተ መዘክር ይገኛሉ። በዚያ ዘመን ሥዕል ይቀረጽ የነበረው በብዙው በመስተዋት ሰሌዳ ላይ ነበርና፥ ከካፋ ገደል እስከ ባሕር በበቅሎ ጭኖ ሳይሰብሩ ማድረስ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ማሰብ ይቻላል። ሆኖም ይህን ስናስብ ሌላ ነገር ወደ ልባችን መጣ። መንገደኛው ሥዕሉን ወደ አገሩ በደኅና ያደርሳል፤ የተነሣው ሰው የልጅ ልጅ ግን የአያቱን ፊት ለማየት ባሕር መሻገር ይኖርበታል። እኛም ቃላችንን ሳንጠብቅ ስንቀር ከዚህ የባሰ አደረግን፤ ለራሳችንም ለእነርሱም አላስቀረንምና።

የካፋ ደን በዓለም የታወቀ ነው። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከዓለም የሕይወት ክምችት ስፍራዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ቡና በዱር የሚበቅልበት ማንኪራም በዴቻ ወረዳ በዚሁ ደን ውስጥ ነው። ደኑ ልምላሜው የሚመጣው ከዝናብ ነው፤ በዓመት ውስጥ ዝናብ የማይጐበኘው ወር ጥቂት ነው። እንግዲህ በካፋ የካሜራ ጠላት ይህ እርጥበት ነው። ሌባን ሰው ሁሉ ይጠነቀቀዋል፤ እርጥበት ግን ድምፅ ሳያሰማ ይገባል። የአየሩ እርጥበት ከመቶ 60 እጅ በላይ ሲሆንና ዕቃው በጨለማ ሲዘጋ በሌንስ ውስጥ ሻጋታ ይበቅላል፤ ቆዳ ደግሞ እርጥበትን ጠጥቶ ይይዛል እንጂ አያስወጣም። የብራና መጽሐፍ በቆዳ ማኅደር የኖረው በደረቅ ደጋና ጭስ በሚገባው ቤት ስለ ተሰቀለ ነው። እኛ ጥበቡን ስንወርስ ምክንያቱን አልጠየቅንም ነበር።

ስለዚህ በዚህ ጉዞ የቆዳውን ማኅደር ትተን፥ ለምግብ የሚሆን ክዳኑ ጐማ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ገዛን። በውስጡም በአዲስ ጫማና በመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ የሚባል ፍሬ በብዛት አደረግን። ሲሊካው እርጥበት ሲጠግብ አይጥሉትም፤ ቀለሙን የሚለውጠውን ዓይነት ገዝቶ፥ ሲለወጥ ከከረጢቱ አውጥቶ በለሰስ እሳት በምጣድ ላይ ማድረቅ ነው፤ እንደገና ይሠራል። ወደ ማንኪራ በበቅሎ ስንሄድም ዕቃውን በወፍራም ላስቲክ ጠቅልለን ከበቅሎዋ ኮርቻ ሳይሆን ከራሳችን ጀርባ አሰርነው። ማታ ማታም ካሜራውን ጠርገን ጥቂት በነፋስ አቆይተን እንመልሰው ነበር። በደኑ ውስጥ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የቆሙትን ቀጫጭን የቡና ዛፎችና በቅርንጫፍ ላይ የሚዘሉትን ጉሬዛዎች አነሣን፤ አንድም ጠብታ ወደ ውስጥ አልገባም።

ወደ አክስታችን ቤት የደረስነው በማለዳ ነው። ውጪው ጉምና ብርድ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ግን እሳት ይነዳል፥ ቡናም ይቈላል። ካፋዎች በቋንቋቸው «ቡኖ» ይሉታል። ተሳስመን ከተቀመጥን በኋላ ካሜራውን ብናወጣ ሌንሱ ወዲያውኑ በላብ ተሸፈነ። ቀዝቃዛ ዕቃ ወደ ሞቃትና እንፋሎት ወዳለበት ቤት ሲገባ እንዲህ ይሆናል፤ ሌንስ እየቀያየሩ ቢከፍቱት ላቡ እስከ ውስጥ ይዘልቃል። በልማዱ ከመግባታችን በፊት በላስቲክ ከረጢት አጥብቀን ልንዘጋውና ቤቱን እስኪለምድ ልናቈየው ይገባን ነበር፤ ከደስታችንና ከፍርሃታችን የተነሣ ረሳነው። ከረጢት ውስጥ መልሰን አኖርነውና «እስኪሞቅ ጥቂት ይቈይ» አልን። አክስታችንም፦ «ቡናውም ገና ነው፤ ሁለቱ አብረው ይድረሱ» አሉ።

አቦሉን እንደ ጠጣን ጥያቄው መጣ። «የዚያን ጊዜውስ የት ደረሰ?» አሉን። እኛም ወንዙን፥ በቅሎዪቱን፥ የቆዳውን ማኅደርና ሁለት ቀን ሳንከፍተው መቅረታችንን አንድ በአንድ ነገርናቸው፤ ጥፋቱንም በበቅሎዪቱ ላይ አላደረግንም። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው እሳቱን ተመለከቱ። ከዚያም፦ «እኔ ፊታቸውን አውቀዋለሁ፤ የልጅ ልጆቻቸው ናቸው የማያውቁት» አሉ። ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ አልወቀሱንምም። ይህ አነጋገር ግን ከማናቸውም ወቀሳ ይልቅ ወደ ልባችን ገባ። የቤታችን እመቤት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ቶናው ሲቀዳ ሌንሱ ጠራ። አክስታችን ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና የባለቤታቸውን ከዘራ ይዘው ወጡ። በደጃፉ አግዳሚ ላይ ከመካከሉ ሳይሆን፥ ከአራት ዓመት በፊት እንደ ተቀመጡት ከቀኝ በኩል ተቀመጡ፤ በግራ ያለውን ቦታ ባዶ ትተው ከዘራውን በዚያ አስደገፉ። ማንም እንዲህ ይሁን አላላቸውም። ልጆቹ ወደ ባዶው ቦታ ሊቀመጡ ሲሮጡ በእጃቸው ከለከሏቸው፤ ከኋላ እንዲቆሙም አደረጉ። እኛም አነሣን፤ እጃችን እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሻችንን ይዘን ደጋግመን አነሣን።

ከዚህ በኋላ የቤታችን እመቤት አንድ ነገር አሰበች። «መታወቂያቸው የለም?» ብላ ጠየቀች። አክስታችን ከሣጥናቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ የቀበሌ መታወቂያ አመጡ። በላዩ ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶግራፍ ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ ናት፤ ማኅተሙም ግንባራቸውን በግማሽ ሸፍኗል። በሥራችን ስንት ማኅተም በስንት ወረቀት ላይ ስናሳርፍ ከሥሩ ያለውን ፊት ተመልክተን አናውቅም ነበር። መታወቂያውን በደጃፍ ብርሃን በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ አስተኝተን፥ ጥላችን እንዳያርፍበት ተጠንቅቀን አነሣነው። ፊታቸው ከማኅተሙ በታች ታየ፤ ያው ሳይስቅ ደስ ያለው ፊት ነው።

በዚያው ሌሊት ሥዕሎቹን በኮምፒዩተሩና በሁለተኛ ካርድ ላይ ገለበጥን። አንደኛዋን ካርድ እኛ በኪሳችን፥ ሁለተኛዪቱን የቤታችን እመቤት በቦርሳዋ ያዘች፤ ኮምፒዩተሩም ለብቻው ሆነ። በማግስቱም «አዲስ አበባ ደርሰን እንልካለን» የሚለውን ቃል ሳንደግም፥ እዚያው ቦንጋ ከተማ ወደሚገኝ ፎቶ ቤት ሄደን የአክስታችንን ሥዕልና የባለቤታቸውን ፊት ጐልቶ እንዲታይ አሳድገን አሳጠብን። የፎቶ ቤቱ ሰው ያስተማረን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በእርጥብ አገር ፎቶግራፍ ከክፈፉ መስተዋት ጋር በቀጥታ የተነካካ እንደ ሆነ ይጣበቅና ሲላቀቅ ይቀደዳል፤ ስለዚህ በመካከላቸው የወፍራም ወረቀት ጠርዝ ይደረጋል። እንዲሁ አስደረግን።

አክስታችን ሁለቱን ክፈፎች ተቀብለው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። ከምድጃው ጭስና ዝናብ ከሚያስረጥበው የውጪ ግድግዳ ርቆ በመካከለኛው ግድግዳ ላይ እንዲሰቀሉ መከርናቸው። እርሳቸውም የባለቤታቸውን ከግራ፥ የራሳቸውን ከቀኝ አሰቀሉ። ትንሹ የልጅ ልጅ ማኅተሙን በጣቱ እያመለከተ፦ «አያቴ ግንባራቸው ላይ ምን ሆነው ነው?» ብሎ ጠየቀ። አክስታችን ስለ አያቱ ሊነግሩት ወደ ጭናቸው ወሰዱት፤ እኛም ሲተርኩለት ትተናቸው ወጣን።

አንባቢዎቻችን ሆይ፥ የቀረን ምክር አጭር ነው። ካሜራችሁንና ባትሪያችሁን ከእጃችሁ አትለዩ። በዝናብ አገር ቆዳን አትመኑ፤ የረጠበውን ዕቃ ሳትውሉ ሳታድሩ ክፈቱ። ሥዕላችሁን በዚያው ሌሊት ገልብጡና በሁለት ሰው እጅ አኑሩ። ከሁሉም በላይ ያነሣችሁት ሰው ካለበት ከተማ ሳትወጡ ሥዕሉን ለባለቤቱ ስጡ። እኛ የጠፋውን መመለስ አልቻልንም፤ በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታም በሥዕሉ ላይ እንዳለ ነው። እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅና፤ በደኅና ያድርሳችሁ፥ በደኅና ይመልሳችሁ።